ጠመንጃ ያለበት ቤት ያደገ ልጅ ተኩስ ይማር ወይስ አይማር?

የመንዙ፦
የአክስቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት የሞላውን ልጁን ሜዳ ወስዶ ተኩስ ማስተማሩን ሲነግረን ቤተ ዘመዱ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ደግ አደረግክ» አለ፣ ገሚሱ «ልጁን ልታጠፋው ነው» አለ። የእናንተንም ልስማ ብዬ ነው ያመጣሁት። እኔ ግን አቋም አለኝ፤ ጠመንጃ ያለበት ቤት የሚያድግ ልጅ መማር አለበት፣ የሚያስተምረውም የቤቱ ሰው ነው። ትምህርቱ ግን ከተኩስ አይጀምርም።

እኔን ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው፣ በምንሽር፣ በዚያ በድሮው ባለ መዝጊያ ጠመንጃ። አንድ ክረምት ሙሉ አንዲት ጥይት አልሰጡኝም። መዝጊያውን ከፍቼ ጥይት የሚጎርስበትን በዓይኔ አይቼ በጣቴ እንድዳብስ፣ ጣቴን ከቃታው ውጭ እንዳሳርፍ፣ አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አቅጣጫ እንዳላዞር፣ ይኸው ነበር። ዘወር ስል አፈሙዙ ወደ እግራቸው ካለፈ ምንም ሳይናገሩ ጠመንጃውን ተቀብለውኝ ይሰቅሉታል፤ የዚያን ቀን ትምህርት በዚያው ያበቃል። መስከረም ሲጠባ አንዲት ጥይት አመጡ። አነጣጥሬ ሳለሁ «ከድንጋዩ ጀርባ ምን አለ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ጠመንጃውን ተቀበሉኝና ሄጄ እንዳይ ላኩኝ። ከጉብታው ኋላ እረኞች የሚመላለሱበት መንገድ ነበር። ተኩሱ ለሌላ ቀን፣ ወደ ሌላ ገደል ዞረ።

ነርስ ከደሴ፦
ወንድሜ፣ አያትህን እግዜር ይማርልህ። ግን እንደሳቸው ያለ ስንት አለ? እኛ ጋ በጥይት ተመቶ የሚመጣ ልጅ ሲገባ አብሮት የመጣው ዘመድ የሚናገረው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ባዶ መስሎን»። ለቅሶና ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩሰውስ ይኸው አስተማሪ የምትለው የቤቱ ሰው አይደለም? ወደ ሰማይ የወጣ ጥይት ቆርቆሮም ሆነ የሰው ጭንቅላት ላይ ይወርዳል። ልጅ ደግሞ ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ይይዛል። ተምሬያለሁ ብሎ የተማመነ ልጅ አባቱ በሌለበት ለጓደኞቹ ሊያሳይ ያወርደዋል። እኔ የምለው፣ ጠመንጃው ይቆለፍ፣ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ፣ ልጁ እስኪያድግ አይንካው።

የቀድሞ ወታደር፦
«ባዶ መስሎን» የምትለው እህቴ እውነቷን ነው፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ። ዛሬ ቤት ያለው ምንሽር ሳይሆን ክላሽ ነው። ክላሽ የመጨረሻዋን ጥይት ሲጨርስ ማቀባበያው፣ ማለትም ጥይት ለማጉረስ የሚሳበው እጀታ፣ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከውጭ ሲያዩት የጎረሰውም ባዶውም አንድ ነው። ሰው ካዝናውን፣ የጥይት መያዣውን፣ ነቅሎ ባዶ ነው ይላል። የጎረሳት አንዷ ግን እዚያው ናት። ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ማቀባበያውን ይስብና ካዝናውን ኋላ ይነቅላል፤ የጎረሰችው ስትወጣ ሌላ ከካዝናው ትጎርሳለች። መጀመሪያ ካዝና፣ ቀጥሎ ማቀባበያ፣ ከዚያ ዓይንና ጣት። የክላሹ የራሱ መቆለፊያም እንዲሁ፤ ላይ ሲሆን ዝግ ነው፣ አንድ ሲወርድ ተከታታይ ተኩስ ነው፣ ታች ሲደርስ ነው ነጠላ፣ አንድ በአንድ፣ የሚሆነው። የደነገጠ ልጅ መሐል ላይ ቢያቆመውስ? አያት በምንሽር ያወቁት እዚህ ላይ አይበቃም። ቤተሰብ ያስተምር፣ ግን አስተማሪው ራሱ በሚያውቅ ሰው ይፈተን።

ከሚኒሶታ፦
እዚህ እኔ ባለሁበት ግዛት አደን መውጣት የፈለገ፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. በኋላ የተወለደ ከሆነ የመሣሪያ ደህንነት ትምህርት ወስዶ ምስክር ወረቀት ማምጣት አለበት። አባት ልጁን ይዞ ይመጣል፣ አብሮት ይቀመጣል፤ ምስክር ወረቀቱን የሚያሰጠው ግን አባት አይደለም። ወታደሩ ያለው ነገር በሥራ ላይ ሲውል ይህን ይመስላል።

የሕግ ተማሪ፦
አገር ቤት አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ መሣሪያ መያዝ በፈቃድ ነው። ፈቃዱ ያለው አባትየው እንጂ ልጁ አይደለም። የአክስትህ ልጅ ይህን አስቦበታል?

የመንዙ፦
አላሰበበትም፤ እኔም አላነሳሁለትም። እህቴ ስለ መቆለፉ ያልሽውን ተቀብያለሁ፤ ከትምህርቱ ጋር አይጣላም። የለቅሶው ነገር ግን አሳመመኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ እኚያው አያቴ የወንድማቸው ለቅሶ ላይ ሲተኩሱ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ማንም አልጠየቃቸውም። ሆኖም አይንካው ብቻ የሚለው አልዋጥልኝ ብሏል። እኛ አገር ጎጆ ውስጥ ቁልፍ ያለው ሳጥን በስንቱ ቤት አለ? ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ እያየው ለሚያድግ ልጅ፣ ሳያውቀው ከሚነካው አውቆ የሚተወው ይሻላል።

ነርስ ከደሴ፦
እንግዲያው ሳጥኑን ከማስገዛት ጀምሩ። የአክስትህን ልጅ አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ በሚመጣው ለቅሶ ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ይተኩስ እንደሆን።

የመንዙ፦
እሑድ ቤቱ እሄዳለሁ። ይህንንም፣ ጥይቱን የት እንደሚያኖርም እጠይቀዋለሁ፤ የመለሰልኝንም እዚሁ እጽፋለሁ።