ደብረ ብርሃን ውሃው ይፈላል፣ ባቄላው ግን አይበስልም! ምክንያቱን የሚያውቅ?

የሮቢት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሥራ ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሬ ነው። ሮቢት እያለሁ ንፍሮ ጥጄ ቤት እስካጸዳ ይደርስልኝ ነበር። እዚህ ውሃው ይንተከተካል፣ ባቄላው ግን ድንጋይ ነው። ከሰል ብጨምር ብጨምር ለውጥ የለም። ጎረቤቴ «የደጋ ውሃ ስለሚቀዘቅዝ ነው» አለችኝ፣ ከፈላ በኋላ ምን ቅዝቃዜ አለው ታዲያ? ደግሞ የጨነቀኝ ለልጄ የማፈላው የሚጠጣ ውሃ ነው። ባቄላ ማብሰል ያቃተው ውሃ ጀርም ይገድላል?

መምህሩ ከጣርማበር፦
ጎረቤትሽ በከፊል ልክ ናት እህቴ። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የተጫነውን የአየር ግፊት መቋቋም ሲችል ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከበላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፣ ስለዚህ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይወርዳል በይው። ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ደብረ ብርሃን ግን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች 90 ወይም 91 ላይ ያበቃለታል። አምስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፣ ባቄላ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ታስጨምራለች። ከሰሉን አታባክኚው። አንዴ ከፈላ እሳት ብትጨምሪ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም፣ ትርፉ ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሺና ክዳኑን ግጠሚ።

እናት ከመንዝ፦
ልጄ፣ እኛ ጋ ከዚያም ይብሳል፣ መሐል ሜዳ መጥተሽ ባየሽው! ኩበቱ አልቆ ባቄላው ገና ነው። ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ፣ ግን በቀዝቃዛ ውሃ አይደለም፣ በዚህ ውርጭ ውሃ አይጠጣልሽም። ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊና ምድጃው አጠገብ አስቀምጪው። ደግሞ ከገበያ ስትገዢ የዘንድሮ መሆኑን ጠይቂ፣ ከርሞ የቆየ ባቄላ የትም ብትቀቅይው አሻፈረኝ ይላል።

ጎበዝ ነኝ፦
90 ዲግሪማ ፈላ አይባልም። የሚጠጣ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አንተክትኪው፣ ያለዚያ ልጅሽን ታሳምሚያለሽ።

ጤና ጣቢያ የምሠራ፦
ኧረ ግማሽ ሰዓት ማገዶ መጨረስ ነው፣ አታስፈራሯት። ተቅማጥ የሚያመጡት ተሕዋስያን 70 ዲግሪ ላይም ብዙ አይቆዩም፣ 90 ከበቂ በላይ ነው። የተለመደው ምክር ቆላ ላይ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ 3 ደቂቃ እየተንተከተከ ይቆይ የሚል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰው ውሃውን አፍልቶ ሲያበቃ ክዳን በሌለው ባልዲ ያስቀምጠዋል፣ ሁሉም በየጣሳው እጁን እየነከረ ይቀዳል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ! አፉ ጠበብ ባለ ጀሪካን ክደኚውና እያንቆረቆርሽ ቅጂ። ማፍላት ጀርም እንጂ ፍሎራይድና ጨው አያወጣም፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ይበዛሉ። ውሃው ፍሎራይድ በሚበዛበት ስምጥ ሸለቆ ዘመድ ያላችሁ ይህቺን ንገሯቸው።

ኬሚስትሪ ወዳድ፦
እኔን የሚገርመኝ በ90 መፍላቱ ሳይሆን እዚያ ድረስ መቆየቱ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከውሃ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ሞለኪውሉም ከውሃው ይከብዳል፣ ግን ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ፈልቶ ጋዝ ይሆናል። የውሃ ሞለኪውሎች ግን ይሳሳባሉ። የኦክስጅኑ ወገን ትንሽ ኔጋቲቭ፣ የሃይድሮጅኑ ትንሽ ፖዘቲቭ ስለሆነ የአንዱ ሃይድሮጅን የሌላውን ኦክስጅን ይይዛል። ይህ መያያዝ ባይኖር የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝም፣ በደማችን ያለው ውሃም በዚህ ሙቀት ጋዝ ነበር። ባቄላ አልበሰለም ብሎ የሚያማርር ሰውም አይኖርም ነበር 😂

የሮቢት ልጅ፦
አመሰግናለሁ፣ ገላገላችሁኝ። ፕሬዠር ድስት ብገዛስ?

መምህሩ ከጣርማበር፦
ግዢ። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ከፍታው ብዙም አያስጨንቅሽም።

እናት ከመንዝ፦
ያገለገለ እንዳትገዢ ብቻ። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ እንፋሎቱን አይዝልሽም። ደግሞ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን እንዳትነኪው።