ሾተል፣ ጎራዴ፣ ሰይፍ፦ የትኛው ለየትኛው?

የፒያሳዋ ተርጓሚ
እንደምን ዋላችሁ? ፒያሳ ባለ አንድ ትንሽ ቢሮ የታሪክ ጥናታዊ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አሁን የያዝሁት ስለ ጦር መሣሪያ ነው፤ ከፋርስ እስከ ጃፓን ቆልማማ ሰይፍ ያልታጠቀ የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከጎበጠ ሁሉንም ሾተል በዪውና ተገላገዪ» ይለኛል። የጃፓን ሳሙራይ ሾተል ሲመዝ ግን ሊታየኝ አልቻለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አሮጌው መምህር
ልጄ፣ ባልደረባሽን አትስሚው። ሾተል የጎበጠ ሰይፍ ሁሉ የወል ስም አይደለም፤ የራሱ መልክና የራሱ ሥራ ያለው የአገራችን መሣሪያ ነው። ርዝመቱ አንድ ሜትር ገደማ ሆኖ እንደ ማጭድ የቆለመመ ነው። እንዲህ መቆልመሙ ለጌጥ አይደለም። ባላጋራ በጋሻው ተከልሎ ሲቆም ቀጥ ያለ ሰይፍ የሚያርፈው ጋሻው ላይ ነው፤ የሾተል ጫፍ ግን ጋሻውን ዞሮ ከኋላው የተሸሸገውን ሰው ያገኘዋል። በዚያው ልክ አፎት ውስጥ መክተቱም ሆነ መምዘዙ ፈተና ነው።

የፋርሱ ሻምሺር ሌላ ዓለም ነው። የሚቆርጠው በውጭኛው ጠርዙ ነው፤ ፈረሰኛው እየጋለበ ሲያልፍ ስለቱ እየተንሸራተተ እንዲተለትል የተሠራ ነው። የሕንዱ ታልዋር የዚሁ ዘመድ ነው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ባለችው ክብ ሳህን ትለዪዋለሽ። የቱርኩ ክሊች ወደ ጫፉ ሰፋ ስለሚል ክብደቱ ወደዚያ ያደላል፣ ምቱም ይበረታል። የሞሮኮው ኒምቻና የፖላንዱ ሳብላ ከዚሁ ሰፊ ቤተሰብ ናቸው። ያታጋን የሚባለው ግን ጠባዩ ለየት ይላል፤ የሚቆርጠው በውስጠኛው ጠርዙ ነው።

ካታና እምብዛም አይጎብጥም። ሳሙራዩ ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ መቀነቱ ውስጥ ስለሚሻጠው፣ መምዘዝና መምታት አንድ እንቅስቃሴ ይሆኑለታል። ከእርሱ የሚቀድመው ታቺ ደግሞ ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ከወገብ ይንጠለጠላል። ፊልምሽ ላይ ሁለቱ አብረው ከታዩ ልብ በዪ።

በመልክ ለሾተል የሚቀርበው የጥንት ግብፆች ኮፔሽ ነው፤ ከቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ሁለት ወጥተዋል። እርሱም ቢሆን የተሳለው በውጭኛው ጎኑ ነውና ሾተል አትበዪው።

የቆሎ ተማሪ
መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልን። ስለ ሰይፍና ጎራዴስ ምን ይላሉ?

አሮጌው መምህር
ሰይፍ ከግእዝ የወረስነው፣ ከዐረብኛውም ጋር የምንጋራው ቃል ነው፤ ቀጥ ቢልም ቢጎብጥም ሰይፍ ነው። ቦታው ግን ከፍ ያለ ነው። «አንገቱን ለሰይፍ ሰጠ» ይባላል እንጂ «ለጎራዴ ሰጠ» የሚል የገድል አንባቢ ሰምቼ አላውቅም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡትም ሰይፈ አርዕድ ተባሉ። ጎራዴ የወታደር ቃል ነው። አንድ አሮጌ ጎራዴ ካገኘሽ ቀርበሽ እዪው፦ እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተጠረበ፣ አፎቱ ቀይ ቆዳ፣ ብረቱ ላይ ወደ እጀታው ጠጋ ብሎ የተቀረጸ ዘውድ የደፋ አንበሳ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንዲህ ያለው ብረት ጀርመን አገር፣ ዞሊንገን ከተማ ጭምር ተሠርቶ ይመጣ ነበር። የሚታጠቁት ደግሞ በቀኝ ወገብ ነው፤ ግራ እጅ ጋሻ ይዟልና።

ባለ አራት ኪሎ
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የፊልም ተመልካች ጽሑፉን የሚያነብበት ጊዜ የዓይን እርግብታ ያህል ነው። ሻምሺር፣ ክሊች እያልን ከምናደናግረው ለጎበጠው ሁሉ «ጎራዴ» ብንል ምን ይጎድላል?

አሮጌው መምህር
ለተራ ትዕይንት ምንም አይጎድልም። ሁለት አገር ሲዋጋ ግን ማን ምን እንደያዘ ካልተለየ፣ ተራኪው ስለ ልዩነታቸው ሲያወራ ተመልካቹ የሚሰማው «ጎራዴው ከጎራዴው ይበልጣል» ይሆናል። መጀመሪያ ሲመጣ «ሻምሺር የተባለው የፋርስ ጎራዴ» ትበል፤ ከዚያ ወዲያ ሻምሺር ብቻውን ይበቃዋል።

የቆሎ ተማሪ
ከመንገድ ልውጣና፣ ሾተላይስ?

ባለ አራት ኪሎ
ይህን ለእኔ ተዉልኝ፤ ሥራዬ ጤና ጣቢያ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ሾተላይ የሚባለው ሕፃናትን እየቀጠፈ እናትን ያለ ልጅ የሚያስቀር ክፉ መንፈስ ነው። ዛሬ ስሙ የተሰጠው ለአርኤች የደም አለመጣጣም ነው፦ እናት ኔጋቲቭ፣ ፅንሱ ፖዚቲቭ ሲሆኑ። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ይወለዳል፤ ጉዳቱ የሚበረታው በተከታዮቹ ላይ ነው። በጊዜው በሚሰጥ መርፌ መከላከል ይቻላል። ስለዚህ «ሾተላይ አለብሽ» የተባለች እናት ጠበል ብትሄድም የደም ዓይነቷን ሳትመረመር አትቅር።

የፒያሳዋ ተርጓሚ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር። ታልዋሩን «የሕንድ ጎራዴ»፣ ካታናውን «የሳሙራይ ሰይፍ» ብዬ ላስተዋውቃቸው ነው። አንድ ቀረኝ፦ ኔፓላውያን ወታደሮች የሚታጠቁት፣ ወደ ፊት የጎበጠው ኩክሪስ?

አሮጌው መምህር
እርሱማ ቢላ ነው። ካራ በዪው።