ጥቆማ፦ አሮጌውን ባትሪ ለማን እንስጥ? አዲሱስ ደረቅ ወይስ ባለ ውሃ?

ጠያቂ፣ ደብረ ብርሃን፦ 12 ቮልት 70 አምፒር የሶላር ባትሪ ሌሊቱን አላዘልቅ አለ። አንዱ ባለሙያ «ከፍቼ ፕሌት (ውስጡ ያለውን የእርሳስ ዝርግ) ልቀይርልህ» ይላል፤ አንድ ሱቅ ደግሞ አሮጌውን ከነአሲዱ ተቀብሎ ከአዲሱ ዋጋ ይቀንሳል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ሱቁ። ግን መጀመሪያ መሞቱን አረጋግጥ። ሙሉ ቻርጅ አድርገህ ሽቦውን ንቀልና ሌሊቱን አሳድረህ በቴስተር ለካው። 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። 10.5 አካባቢ ከቆመ አንዱ ሴል (የባትሪው የውስጥ ክፍል) ሞቷል፣ አትድከም። ቮልቱ ደህና ሆኖ አምፖል ሲበራ ወዲያው የሚወርድ ከሆነ ግን ሰልፌት ይዞታል፤ ባትሪ ባዶውን ሲከርም ፕሌቱ ላይ የሚጋገረው ነው። ቶሎ ከተደረሰበት በ4 ወይም 5 አምፒር ቀስ ተብሎ ሲሞላ ሊለቅ ይችላል።

ሌላ መልስ፦ ፕሌት መቀየሩን እባክህ ተወው። ከባትሪው ክብደት ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። ሲከፈት የሚረግፈው ደቃቅ ዱቄት በልብስና በጫማ ቤት ይገባል፤ የሚድኽ ሕፃን እጁን ሲልስ ይውጠዋል፣ ጉዳቱም አእምሮው ላይ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ስለሚቀልጥ የከሰል ምድጃ ይበቃዋል፤ በየጓሮው የሚቀለጠውም ለዚህ ነው። ጭሱና ዝቃጩ አፈሩ ውስጥ ይቀራል፤ ክረምት ቢያልፍበትም አይበሰብስም። ቆራሌም ቢሆን «አሲዱን ደፍተህ አምጣ» ካለ አትሽጥለት፤ አሲዱ የሟሟ እርሳስ ይዞ ነው መሬት የሚገባው። ክዳኑን አጥብቀህ፣ አቁመህ፣ በፕላስቲክ ሳፋ አድርገህ ውሰደው። ሱቁንም ሰብስቦ ለማን እንደሚያስረክብ ጠይቀው፤ መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ ፈልግ።

ከሸዋ ሮቢት፦ እዚህ ቆላ ባለ ውሃው በየወሩ መታየት አለበት፤ ፕሌቱ ከውሃ ከወጣ ይበላሻል። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድ አይጨመርም፤ ያውም ቻርጅ ካለቀ በኋላ። ደረቁ (የታሸገው) ውሃ አይጠይቅም፤ ሬጉሌተሩ፣ ማለት ከሶላሩ ወደ ባትሪው የሚገባውን ቻርጅ የሚቆጣጠረው፣ ለእሱ ካልተስተካከለ ግን ከመጠን በላይ ተሞልቶ ያብጣል።

መልስ፦ ለደብረ ብርሃን ብርድ ደረቁን እመርጣለሁ፣ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ። የሊቲየም ባትሪም አለ፤ እርሳስ የለበትም፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ግን ይጎዳል፣ ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ውጭ አይደር።