ለዋሽንግተን ውኃ ቅድሚያ የሚሰጠው ምን ይሁን? ሁለተኛ ምንጭ ወይስ ማጣሪያው?

የክርክሩ መነሻ
እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 2024 ማታ ዲሲና አርሊንግተን «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» ተባሉ። አልጌ፣ ማለትም ውኃ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ ማጣሪያዎቹን አፍኖ ውኃው ደፍርሶ ነበር። ማስጠንቀቂያው በማግስቱ ተነሣ። ስጋቱ ግን አለ። ዲሲ የምትጠጣው ከፖቶማክ ብቻ ነው። ወንዙ ቢበከል በእጅ ያለው ውኃ ለአንድ ቀን ገደማ ነው የሚበቃው። ማጣሪያዎቹን የሚያስተዳድረው ዋሽንግተን አኳደክት በአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር ሥር ቢሆንም ወጪው ከውኃ ደንበኞች ቢል ነው የሚሸፈነው። ገንዘቡ በቅድሚያ የት ይዋል?

ባለ ምግብ ቤት፣ ከዘጠነኛ መንገድ
ሁለተኛ ምንጭ! ምን ያከራክራል? እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ምግብ ቤት በረዶውን ይደፋል፣ የቡና ማሽኑን ያጠፋል፣ ባልፈላ ውኃ የታጠበ አትክልት ይጥላል። ያ እንግዲህ ለአንድ ሌሊት ነው። በ2014 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ኤልክ ወንዝ ላይ ኬሚካል ፈስሶ 300,000 ያህል ሰው ለቀናት ውኃውን ከሽንት ቤት በቀር ለምንም እንዳይጠቀም ተነገረው። ፖቶማክ ዳር የባቡር ሐዲድ አለ፣ አውራ ጎዳና አለ። አንድ ታንከር ቢገለበጥ ምን ልንሆን ነው?

ከአርሊንግተን
ወንድሜ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን የ2024ቱን ችግር ሁለተኛ ምንጭ ብቻውን አይፈታውም ነበር። የታፈነው ማጣሪያው ነው። ከየትም ብታመጣው ውኃው የሚያልፈው በእነዚያው በሁለቱ ማጣሪያ ጣቢያዎች፣ በዳሌካርሊያና በማክሚላን ነው። በደንብ ማጣራት ካቃተን ሌላ ምንጭ ምን ያደርግልናል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኛ ሜሪላንድ ዘንድ እኮ ይህ ጭንቀት የቀለለ ነው። ከፖቶማክ ሌላ ፓተክሰንት ወንዝ ላይ ሁለት ግድቦች አሉን፣ ትራያደልፊያና ሮኪ ጎርጅ። ቨርጂኒያ ውስጥም ፌርፋክስ የኦኮኳን ውኃ ማጠራቀሚያ አለው። ላውደን አሮጌ የድንጋይ ካባ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያ ቀይሯል። ሮክቪል አጠገብ ያለው የትራቪላ ካባም ለዚሁ ሲታሰብ ዓመታት አልፈዋል። ኮንግረስ በ2022 ስለ ዲሲ ሁለተኛ የውኃ ምንጭ ጥናት እንዲካሄድ ፈቅዷል። ዋና ከተማዋ ብቻ በአንድ ወንዝ መንጠልጠሏ ልክ አይደለም።

በሌላ ማጣሪያ ጣቢያ የምሠራ
ማንም ያላነሣው ነገር አለ፤ ዝቃጩ።

የወንዝ ውኃ ሲገባ አሉም የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል። አሉሙ ደለሉን ያያይዘዋል፣ ደለሉም ገንዳው ሥር ይቀመጣል። ዋሽንግተን ይህን ዝቃጭ ለብዙ ዓስርት ዓመታት መልሳ ፖቶማክ ውስጥ ስትለቅ ኖራለች። በ2003 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሰጠው ፈቃድ ያ አሠራር መቆም ግድ ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ታዲያ የት ይሂድ?» የሚል ነበር። እዚያው ይቀበር? በቧንቧ ወደ ብሉ ፕሌንስ የፍሳሽ ማጣሪያ ይላክ? በከባድ መኪና ይውጣ? ጎረቤቶች አጥብቀው ተሟገቱ፤ መኪናው የሚያልፈው በደጃቸው ነውና እውነት ነበራቸው። በመጨረሻ ዝቃጩ ውኃው ተጨምቆ በመኪና እንዲወጣ ተወሰነ።

አሁን ልብ በሉ። ጎርፍ ሲመጣ ወንዙ ጭቃ ይሆናል። አሉሙ ይጨምራል፣ ዝቃጩም አብሮ ይጨምራል። መጭመቂያው ቢበላሽ ወይም መኪናው በበረዶ ምክንያት ቢቀር ገንዳዎቹ ይሞላሉ። የሞላ ገንዳ ደግሞ በደንብ አያጠልልም። ስለዚህ ዝቃጭ ማውጣት የጽዳት ሥራ ብቻ አይደለም፤ የውኃ አቅርቦቱ አካል ነው። ወንዙ ጤነኛ ሆኖም ውኃ ልናጣ እንችላለን።

ከዘጠነኛ መንገድ
ይህን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ይኸው ለእኔም ይሠራል! እንደ ትራቪላ ያለ ካባ ውስጥ የቆየ ውኃ ደለሉ ይሰክናል። ወንዙ ሲደፈርስ ከካባው ብንቀዳ ዝቃጩም ይቀንሳል።

በማጣሪያ ጣቢያ የምሠራ
ትክክል ነው፣ ይቀንሳል። ነገር ግን የቆመ ውኃ በበጋ አልጌ ያፈላል። እሱን የሚከታተልና የሚያክም ዝግጅት አብሮ ካልተሠራ የ2024ቱን ችግር በሌላ በር ታስገባዋለህ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከዲሲ
እኔን የሚያስፈራኝ ቧንቧው ነው። በ2000 ዲሲ የውኃውን ጀርም መግደያ ከክሎሪን ወደ ክሎራሚን (የክሎሪንና የአሞኒያ ውሕድ) ቀየረች። ቧንቧው ውስጥ የተጋገረው ሽፋን ተፈታና እርሳስ ወደ ውኃው ገባ። ሕዝቡ በወጉ ያወቀው በ2004 ነው! የሚሺጋኗ ፍሊንት ከተማም የተጎዳችው በ2014 የውኃ ምንጯን ስትቀይርና ቧንቧውን የሚጠብቀውን ኬሚካል ስትተው ነው። የእርሳስ ቧንቧ አሁንም በከተማችን አለ። ሌላ ምንጭ ይምጣ የምትሉ፣ የአዲሱ ውኃ ጠባይ ከነዚህ ቧንቧዎች ጋር አስቀድሞ ይፈተሽ በሉ። ውጤቱም በአማርኛ ይነገረን፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ ለዚህ ነው።

ከአርሊንግተን
እህቴ ያነሣችው ከሁሉም ይበልጣል። ቢሉን አትርሱ እንጂ። ትልልቅ ሰዎች በጡረታ ገንዘብ ነው የሚከፍሉት።

በማጣሪያ ጣቢያ የምሠራ
እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ተጠባባቂ መጭመቂያ፣ ለብዙ ቀን የሚበቃ የአሉምና የክሎሪን ክምችት፣ የታደሱ ማጣሪያዎች። እነዚህ ከካባው በጣም ያነሰ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋሉ። የካባው ጥናት ደግሞ ጎን ለጎን ይቀጥል፣ የቧንቧው ፍተሻም እዚያው ውስጥ ይግባ።

ከዘጠነኛ መንገድ
በቅደም ተከተሉ አልስማማም። መጭመቂያ በተበላሸ ጊዜ ይጠገናል። ወንዙ ከተመረዘ ግን እንኳን እኔ፣ ሆስፒታሉም ይዘጋል። ካባውን ለማዘጋጀት ዓመታት የሚፈጅ ከሆነ መጀመር ያለበት ዛሬ ነው። ሕዝብ የሚሰማበት ስብሰባ ሲጠራ ሄጄ ይህንኑ እናገራለሁ።