የሬዲዮ ድራማችንን ሰምተው «ደብዳቤውን የሚያነበው ማነው?» አሉን

ሰሚ_ጆሮ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ቁጥሩ አነስተኛ ለሆነ፣ የራሱ ቋንቋ ላለው አንድ ነባር ሕዝብ ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና የሬዲዮ ድራማ እያዘጋጀን ነው። 12 ክፍል፣ እያንዳንዱ 15 ደቂቃ። ድርሰቱን የጻፍነው እኛው ነን፣ ቢሮ ውስጥ በምንሠራበት ቋንቋ። ከዚያ አስተረጎምን፣ ተዋንያን ቀጠርን፣ ቀረጽን። የጤና ባለሙያዎቹም አይተው «አንድ ስህተት የለበትም» ብለው ፈረሙበት።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ይዘን ሄድንና ለ20 ያህል ሰዎች አሰማን። ልጅቷን ምጥ ሲይዛት ሳቁ። ክው አልኩ። ሐኪሙ መናገር ሲጀምር አንዱ ተነስቶ ወጣ፣ ሌላው ስልኩን መነካካት ያዘ። ሲያልቅ አንድ አዛውንት በጣም በትህትና «ጥሩ ነው፤ ግን ያ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰውዬ ማነው?» አሉን። ሰውዬው እኮ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው፣ ደብዳቤም አያነብም!

የበጀቱ ግማሽ አልቋል። አለቃዬ «ትርጉሙን አስተካክለን እንቀጥል» ይላል። እውነት ችግሩ ትርጉሙ ብቻ ነው?

የድሮ_ደራሲ

እህቴ፣ መጀመሪያ አዛውንቱን ፈልገሽ አመስግኚ። ያንን በነፃ የሚነግርሽ ባለሙያ አታገኚም።

ትርጉሙ ቢስተካከል የተስተካከለ ደብዳቤ ነው የሚሆነው። ሰው በገዛ ቋንቋው ሲጨቃጨቅ አያብራራም። ይሽሟጠጣል፣ ነገር ይወረውራል፣ ያኮርፋል። በሌላ ቋንቋ የታሰበ ጭቅጭቅ ሲተረጎም ሽሙጡ በመንገድ ይቀራል፣ የሚደርሰው መረጃው ብቻ ነው።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። እኔም አንድ ጊዜ ሐኪም ፈጥሬ ስለ እርግዝና ክትትል ጥቅም ሁለት ደቂቃ አስለፈለፍኩት። ከማኅበረሰቡ የሆነች አዋላጅ አነበበችውና «ይሄን ማንም አይሰማህም» ብላ ወረቀቱን ቀማችኝ። ሐኪሙን ሙሉ በሙሉ አወጣችው። በምትኩ አማትና ምራት አስገባች።

አማት፦ «እኔ ስድስት ወልጃለሁ፣ ማንም አልዳሰሰኝም።»
ምራት፦ «ስድስት ወልደው ስንት አሳደጉ?»

ከዚያ ዝምታ። አራት ሰከንድ። በሬዲዮ አራት ሰከንድ ዝምታ ማለት ዕድሜ ነው፣ ቴክኒሻኑ መስመር የተቋረጠ መስሎት ደንግጦ ነበር። ያቺ ዝምታ ግን የኔን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሠራችው።

ቁጥር_ወዳድ

ከጋሼ ጋር እስማማለሁ፣ ግን ነገሩ በስሜት ብቻ የሚሠራ እንዳይመስል ትንሽ ልጨምር።

ይሄ በድራማ የማስተማር ዘዴ ባለቤት አለው። ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለቴሌቪዥን የቀመረው ነው። ሰው ሌላውን አይቶ ይማራል ከሚለው ከአልበርት ባንዱራ ሐሳብ ተነስቶ ሦስት ዓይነት ገጸ ባሕርያትን ያቆማል፦ አንዱ ትክክለኛውን የሚያደርግ፣ አንዱ የሚያጠፋ፣ አንዱ ደግሞ በሁለቱ መሃል የሚዋልል። ሁሉም ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ጎበዙን ጀግና ያደርገዋል። አድማጭ የሚከተለው ግን የሚዋልለውን ነው፣ ምክንያቱም ራሱን የሚያየው እሱ ውስጥ ነው። ዘግይቶ፣ ተደናቅፎ፣ ዋጋ ከፍሎ ነው መለወጥ ያለበት። በሁለተኛ ክፍል ከተለወጠ ማንም አያምነውም።

በታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ1993 የጀመረው የሬዲዮ ድራማ «ትዌንዴ ና ዋካቲ» ምኩዋጁ የሚባል ሴት አውል የጭነት መኪና ሾፌር ነበረው። ታሪኩ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ነው። ደስ የሚለው፣ ዶዶማ አካባቢ እስከ እ.ኤ.አ. 1995 ድረስ ድራማው አልተላለፈም ነበር፣ ስለዚህ የሰማውንና ያልሰማውን አካባቢ ማነጻጸር ተቻለ። ለውጡም ታየ።

በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ስለ እርቅ የሚያወራው የሬዲዮ ድራማ «ሙሴኬዌያ» ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረን። በተደረገው ጥናት ድራማው ሰዎች በግላቸው የሚያምኑትን ያን ያህል አልለወጠም። የለወጠው «ሌላው ሰው ምን ያስባል» የሚለውን ግምታቸውንና የሚያደርጉትን ነው። ልብ በይ፣ በጥናቱ የተሳተፉት የሰሙት በቡድን ሆነው፣ አብረው እየሳቁና እየተከራከሩ ነው። እና አንቺ ሬዲዮውን ከፍተሽ ብቻ አትመለሺ። ከሰሙ በኋላ ያለው ወሬ ከድራማው እኩል ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል እላለሁ።

ከዚያው_ነኝ

እኔ ከእንደዚህ ዓይነት ማኅበረሰብ ነኝ። ስለ ቴክኒኩ ሲወራ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ማንም አልጠየቀም። ርዕሱን ማን መረጠው?

እኛ ጋ በየጊዜው «ላስተምራችሁ» የሚል ይመጣል። አንድ ዓመት ስለ እጅ መታጠብ፣ ቀጥሎ ስለ ሌላ። የሚታጠቡበት ውሃ ግን ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ባሰሙን ድራማ ውስጥ አንዲት ሴት እጇን ስትታጠብ «ሳቃችሁ» አሉን። አዎ ሳቅን! ውሃውን ከየት አመጣችው?

እና ምጡ ላይ ለምን እንደሳቁ ጠይቃችኋቸዋል? ምናልባት ተዋናይዋ የጮኸችበት መንገድ እዚያ ማንም የማይጮኸው ሊሆን ይችላል። ምናልባት በወንዶች ፊት የማይሰማ ነገር ስለሆነ በሃፍረት ነው የሳቁት። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ከሆነ ተዋናይዋን መቀየር ነው፣ ሁለተኛው ከሆነ ግን ትዕይንቱ ራሱ መውጣት አለበት።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2007 ያጸደቀው የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ አንቀጽ 16 ላይ በራሳችን ቋንቋ የራሳችንን መገናኛ ብዙኃን የማቋቋም መብት እንዳለን ይላል። «ይተርጎምላቸው» አይደለም የሚለው። በሜክሲኮ ትላፓ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በናዋትል፣ በሚክስቴክና በትላፓኔክ ቋንቋዎች የሚያስተላልፍ ጣቢያ አለ፣ ስለዚህ አይቻልም የሚለውን ተዉት።

አንድ ሌላ ነገር። ተረቶቻችንን ለማሳመር ብላችሁ ዝም ብላችሁ አታስገቡ። በየትኛው ወቅት ብቻ እንደሚነገር፣ ማን ብቻ እንደሚናገረው ሥርዓት ያለው ተረት አለ። ጠይቁ። እምቢ ካሉም እምቢ ነው።

ድምፅ_ለቃሚ

ከላይ ያሉት ከባድ ከባዱን ስለጨረሱት እኔ ስለ ድምፅ ብቻ።

አንድ ሥራ ላይ ከኮምፒውተር የወረደ የወፍ ድምፅ ለሌሊት ትዕይንት ተጠቀምን። አድማጮቹ ታሪኩን ትተው ስለ ወፏ ተከራከሩ። «ይቺ ወፍ ማታ አትጮህም»፣ «ኧረ እኛ ጋ ጭራሽ የለችም»። ክርክሩ ሲያልቅ ትዕይንቱም አልቋል። ከዚያ ወዲህ መቅረጫዬን ይዤ እዚያው እሄዳለሁ። ዝናብ በየትኛው ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ እንኳ ይለያል እኮ።

ደግሞ በአንድ ትዕይንት ከሦስት አራት ሰው በላይ አታናግሩ፣ ድምፅ ይምታታል። ገጸ ባሕርያቱ መጀመሪያ አካባቢ በስም ይጠራሩ። ስም መጥራት ነውር በሆነበት ቦታ ደግሞ በሚጠራሩበት ዝምድና ይሁን። እና በሚሞሪ ካርድም አባዙት፣ ስርጭቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ሥራ ላይ ያለ ሰው ብዙ ነው።

ሰሚ_ጆሮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። @ከዚያው_ነኝ፣ ያልሽው ትንሽ አሞኛል፣ ግን እውነት ነው። አልጠየቅንም ነበር።

ዛሬ ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ። ሳቁ ሁለቱም ነው። ወንዶቹ አፍረው፣ ሴቶቹ ደግሞ «ይቺ ልጅ ወልዳ አታውቅም» ብለው። በእርግጥም አታውቅም፣ የድራማ ተማሪ ናት።

አለቃዬን በግድ አሳምኜ 12ቱን ክፍል ወደ 6 ልናወርደው ነው። ከባዶ ይጻፋል፣ እዚያው፣ ከሰዎቹ ጋር። የተረፈው ገንዘብ ለጸሐፊዎቹና ለተዋንያኑ ክፍያ ይሆናል። ሐኪሙ ተባሯል። አማትና ምራቷን ከጋሼ መስረቄ ነው፣ ይፍቀዱልኝ።

አዛውንቱን ደግሞ አንድ ቦታ ይተውኑልን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሺም እንቢም አላሉኝም። «አማቲቱን ማን ነው የሚሠራት?» አሉኝ። ገና አልመረጥንም ስላቸው «እኔ አንዲት አውቃለሁ፤ ግን ስትጀምር የሚያስቆማት የለም» አሉኝ።