ፓይተን 3 ጽሑፍንና ባይትን መለያየቱ ጠቀመን ወይስ አደከመን?

ፊደል ቆጣሪ፦
እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3፣ የፕሮግራም ቋንቋው አዲስ ስሪት፣ ጽሑፍንና ባይትን (ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠውን ጥሬ ቁጥር) ለያይቷቸዋል። ለጽሑፍ በተከፈተ ፋይል ላይ ባይት አይጻፍም፤ ለባይት በተከፈተውም ጽሑፍ አይጻፍም። ብዙዎች ያማርራሉ፣ እኔ ግን እደግፈዋለሁ። በፓይተን 2 «ሰላም» ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ 9 ይለኝ ነበር። የጻፍኩት ሦስት ፊደል ነው! ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው የዩቲኤፍ-8 ስልት አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ ባይቱን ቆጥሮ ነው የሚመልስልኝ። ስምን አሥር ላይ ቁረጥ ብለው አራተኛውን ፊደል ከወገቡ በጠሰው።

አሮጌ ኮድ፦
ዋጋውን የከፈልነውስ? ሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የሠንጠረዥ ፋይል) መጻፍን ውሰድ። በፓይተን 2 ፋይሉን በባይት ካልከፈትህ ዊንዶውስ ላይ በየረድፉ መካከል ባዶ መስመር ይገባል። ያንኑ ኮድ በፓይተን 3 ስታስኬደው ይወድቃል፤ አሁን ደግሞ በጽሑፍ ክፈት፣ «ኒውላይን» የሚለውን የመስመር መጨረሻ ቅንብርም ባዶ አድርግ ተባለ። ለሁለቱም እንዲሠራ የፓይተኑን ስሪት ጠይቆ መንገድ የሚለይ ቅርንጫፍ ኮዱ ውስጥ ስጨምር ስንት ሌሊት ነግቶብኛል። የፓይተን 2 ድጋፍ ማብቂያ ከ2015 ወደ 2020 የተገፋው እኮ የእኔ ቢጤ ብዙ ስለነበረ ነው።

ፊደል ቆጣሪ፦
ጋሼ፣ ከፓይተን 2.6 ጀምሮ «አይኦ» በሚባለው ሞጁል (ዝግጁ የኮድ ጥቅል) ውስጥ እንደ አዲሱ የሚሠራ ኦፕን፣ ማለትም የፋይል መክፈቻ ትእዛዝ፣ ነበረ። ያኔውኑ ቢለምዱት ኖሮ ሌሊቱ ባልነጋብዎት።

አሮጌ ኮድ፦
ለምጄው ነበር፣ ልጄ። ያ ኦፕን ዩኒኮድ (ባይት ያልሆነ ጽሑፍ) ካልሆነ አልቀበልም ይላል፤ የፓይተን 2 የሲኤስቪ ሞጁል ደግሞ ባይት ካልሆነ አልጽፍም ይላል። አስታርቃቸው እስቲ!

ባለ ሠንጠረዥ፦
ሁለታችሁም ዋናውን ነገር አልፋችሁታል። መለያየቱ ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ሥራውን በግማሽ መተዋቸው ነው። ጽሑፉ በየትኛው ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ ስልት) ይጻፍ ሲባል ፓይተን 3 ውሳኔውን ለማሽኑ ቅንብር ተወው። የአማርኛ ስም ዝርዝር የሚያወጣ ኮድ ቤቴ ሊኑክስ ላይ ያለ እንከን ሠራ። መሥሪያ ቤት ያለው ዊንዶውስ ግን በራሱ የምዕራብ አውሮፓ ኮድ ሊጽፈው ሞክሮ የመጀመሪያው «አ» ላይ ቆመ። ይህ የፓይተን 2 ሕመም ነው፣ ልብሱን ቀይሮ የመጣ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሱስ ቢሆን በፓይተን 3.15 ዩቲኤፍ-8 ነባሪ (ሌላ ካልተጠቀሰ የሚወሰደው) እንዲሆን ተወስኗል። በ3.10ም ኢንኮዲንግ ሳይጠቀስ ሲቀር የሚያስጠነቅቅ አማራጭ ገብቷል።

ባለ ሠንጠረዥ፦
አማራጭ ነው፤ ካላበሩት አይናገርም። ነባሪውን አልጠላሁትም፤ ግን ኤክሴል ለብቻው ያስቸግራል፦ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈውን ሲኤስቪ በቀጥታ ሲከፍቱት አማርኛው የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ይሆናል። መጀመሪያው ላይ ሦስቱን መለያ ባይቶች የሚጨምረውን «ዩቲኤፍ-8-ሲግ» መምረጥ ያስፈልጋል። ይህን የትኛውም ነባሪ አይገምትልሽም። ስለዚህ ቡድናችን ውስጥ ኢንኮዲንግ ያልተጻፈበት ኦፕን ካየሁ ኮዱን እመልሳለሁ፣ ስሪቱ ምንም ይሁን።

አሮጌ ኮድ፦
አሁን የራሴን ከፍቼ ቆጠርኩ። 41 ኦፕን አለ። ኢንኮዲንግ የተጻፈበት አንድም የለም፤ ስሪቱን የሚጠይቁት ቅርንጫፎች ግን እስካሁን እዚያው ናቸው።