ልብ ወለዴ ውስጥ ያለውን የድንጋይ ድልድይ እንዴት ላፍርሰው?

ጀማሪ ደራሲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፋንታሲ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ሁለት አገር የሚለይ ገደል አለ፣ ታች ወንዝ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ማን እንደሠራው የማይታወቅ የ1,000 ዓመት የድንጋይ ድልድይ። ጠላት እየመጣ ስለሆነ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሰዎቼ ማፍረስ አለባቸው። ባሩድ የላቸውም። አስማት ማስገባት እችል ነበር፣ ግን አልፈልግም። አንባቢው እንዲያምነኝ ነው የምፈልገው። ለመሆኑ ድልድይ ያን ያህል ዘመን ይቆማል? ጥቂት ሰውስ በአንድ ሌሊት ያፈርሰዋል?

ግንበኛው፦
በመቆሙ አትጠራጠር። ስፔን ያለው የአልካንታራ ድልድይ በሮማው ትራጃን ዘመን ተሠርቶ፣ በጦርነት ቅስቱ እየፈረሰ እየተጠገነ ከ1,900 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገሩ ያለው ቅስቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የእንጨት ድጋፍ ይቆምና ድንጋዩ ከሁለቱም ወገን እየተደረደረ ይመጣል፣ መሃል አናቱ ላይ የመጨረሻዋ ድንጋይ ስትገባ እንጨቱ ይነሳል፣ ከዚያ በኋላ ድንጋዮቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ነው የሚቆሙት። ስለዚህ ሰዎችህ ምሰሶውን አይንኩ። ከላይ ያለውን ንጣፍና አፈር ገፈው ቅስቱን ራሱን በድጅኖ ይፈልቅቁት። ሲከፈት ቀሪው በራሱ ክብደት ይወርዳል። አንድ ሌሊት ግን ይጠባቸዋል፣ ጨምርላቸው። ወገባቸው ላይም ገመድ እሰር፣ የቆሙት እዚያው ላይ ነውና።

የአባይ ማዶ፦
ምን ሩቅ አስኬዳችሁ? ሰባራ ድልድይ አለ አይደል እንዴ፣ ከሞጣ ወደ ጎንደር መሻገሪያው ላይ። የአፄ ፋሲል ዘመን ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መሃሉን ሰበሩት። ጠላትማ ሄደ። ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረና ሰው ለ60 ዓመት ገደማ በገመድ ተሻገረ። ወገብህን ትታሰራለህ፣ ከወዲያ ያሉት ይጎትቱሃል፣ ከሥርህ አባይ ነው። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ወንድሜ፣ አንተ ማፍረሱ ላይ ልታቆም ነው፤ እኔ ግን የሰባሪዎቹ ልጆች ገበያ እንዴት እንደሚሄዱ ነው ማንበብ የምፈልገው።

ኖራ፦
ስለ ማያያዣውም አስብ። ጢስ አባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ፣ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የተሠራው፣ በኖራ ነው የተገነባው። ስለ እንዲህ ያሉ ድሮ ግንቦች ሰው "በእንቁላል ነው የተሠሩት" ሲል ትሰማለህ። የአንተም ሰዎች ሠሪውን ስለማያውቁ እንዲህ ያለ ወሬ ይኑራቸው።

ጀማሪ ደራሲ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የአባይ ማዶ፣ የጻፍከውን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ድልድዩን ምዕራፍ 2 ላይ አፈርሰዋለሁ። ዋናዋ ባለታሪክ ደግሞ ገመድ ጎታች ትሆናለች፣ አባቷ ከሰበሩት አንዱ።